ለስፖርት መኪናዬ የሚመጥን ዘይት

ይሄን ነገር ካልጻፍኩት አይወጣልኝም። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃና "ጋሼ ይሄኮ የኮሮላ ነው" የሚለው የጋራዡ ልጅ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል። እሺ ኮሮላው ይቅር፣ ግን ለ34 ዓመት ሰው ጋሼ ምን ይባላል?

መኪናዋ የቶዮታ ሴሊካ ናት። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር የማይሞላ። አምና ስገዛት ሻጩ ከኋላ የተለጠፈውን "ጂቲኤስ" የሚል ጽሑፍ በጣቱ መታ መታ እያደረገ "ወንድሜ፣ ይቺ ያማሃ እጁን ያስገባበት ሞተር ነው ያላት" አለኝ፣ እኔም ቀለጥኩ። ገብቼ አነበብኩ፣ እውነትም ጂቲኤስ የሚባለው ያማሃ ያለበት 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 6 ማርሽ ነው። የኔ 5 ማርሽ ነው ያለው። ይሄን አይቻለሁ። አይቼ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ? "ስድስተኛዋ ለአውሮፓ መንገድ ትሆናለች" ብዬ አለፍኳት። ፍቅር እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ዘይት የምትቀይርበት ጊዜ ሲደርስ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቪዲዮ ሳይ ከረምኩ። ሚስቴ "ለልጃችን ወተት ስንመርጥ እንዲህ አላጠናህም" አለችኝ፣ አልመለስኩላትም። መጨረሻ ላይ ፉል ሲንተቲክ 5ደብሊው30 ባለ 4 ሊትሩን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፣ ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ ይሄን ፖስት ታነበዋለች።

እዚህ ናዝሬት ፍራንኮ አካባቢ ያለ ጋራዥ ሄድኩ። ከፊቴ ነጭ የ2007 ኮሮላ ያላቸው አንድ አባት ሳጥን ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ጀሪካኔን አይተው "ልጄ፣ ወፍራሙን ሃያ ሃምሳ አስሞላ፣ ናዝሬት ሙቀት ነው፣ ቀጭን ዘይት ውሃ ይሆንብሃል" አሉኝ። እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያጠናሁትን የሚጠይቀኝ ሰው አጥቼ ስቃጠል ነበር፣ ጀመርኩላቸው። "አባባ፣ ከደብሊው በፊት ያለው 5 ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ያለውን ነው የሚያሳየው፣ 30 ደግሞ በ100 ዲግሪ ላይ ያለው ውፍረት ነው፣ ሞተሩ አንዴ ከሞቀ ናዝሬት ሆነ ቶኪዮ ያው ነው፣ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ጠዋት ስታስነሳ ቶሎ ላይ አይደርስም።" እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ቀጠልኩና ካርሎስ ሳይንዝ እ.ኤ.አ. በ1990 እና በ1992 የዓለም ራሊ ሻምፒዮን የሆነው በሴሊካ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሰውዬው ዝም ብለው ሰሙኝ፣ ከዚያ "ደብሊው ምንድነው?" አሉ።

"ዊንተር። ክረምት ማለት ነው፣ ብርድ።"

ግንባራቸውን በሶፍት ጠረጉ። ጥላ ስር ቁጭ ብለን እኔም ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። "እንግዲህ ሲበርድህ ትጠቀምበታለህ" አሉኝ።

ልጁ ኮፈኑን ከፈተ፣ የዘይት መለኪያዋን መዞ በጨርቅ ጠረጋት፣ መልሶ አስገብቶ መዘዛት፣ ጫፏ ላይ እንባ የምታክል ነገር ብቻ። "ጋሼ ዘይቱን የት አደረሱት?"

"አልፈሰሰም።"

"ጭስ የላትም?"

"ጠዋት ጠዋት ትንሽ ሰማያዊ ነገር... ስፖርት መኪና ስለሆነች መስሎኝ።"

ልጁ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። አንገቱን ሞተሩ ውስጥ አስገብቶ አውጥቶ፣ እንደ ሐኪም ቀስ ብሎ "ጋሼ፣ ይሄኮ የኮሮላ ነው። ዋን ዜድዜድ የሚባለው ሞተር። የዚያ ጊዜዎቹ ዘይት ይጠጣሉ፣ ፒስተኑ ላይ ዘይት የሚመለስባት ቀዳዳ ጠባብ ናት" አለ። ከዚያ ማንም ሳያዘው የሰውዬውን ነጭ ኮሮላ ኮፈን ከፈተው። ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። ያው ነው። ክዳኑ ያው፣ ጽሑፉ ያው፣ ዘይት የሚሞላበት ቡሽ እንኳን ያው። አባባ ሻያቸውን ይዘው መጡ፣ የሳቸውን አዩ፣ የኔን አዩ፣ "እንኳን ደስ ያለህ ልጄ፣ ዕቃ አታጣም" አሉኝ። ከልባቸው ነው ያሉኝ እኮ! ልጁ ደግሞ ለማጽናናት ይሁን ለመጨረስ "የሳቸው አዲስ ስለሆነ ተስተካክሏል፣ አይጠጣም" ብሎ ጨመረበት።

ከዚያ በኋላ ስለምን ልከራከር? ጀሪካኑ ላይ 10,000 ኪሎ ሜትር ይላል ብዬ ነበር፣ ልጁ "አቧራ አለ፣ አጭር መንገድ ነው የሚነዱት፣ ሞተሩ ይጠጣል፣ 5,000" አለኝ፣ እሺ አልኩ። መጽሐፏም ለአቧራና ለአጭር ጉዞ አሳጥሩት ነው የሚለው፣ ልክ ነው። እውነትም ከመብራት ኃይል ሰፈር ሥራ ቦታዬ ድረስ ነው የምነዳት፣ እሱንም ነድቼ ሳይሆን በስፒድ ብሬከር ላይ አሻግሬ ነው፣ በየሰፈሩ ሰው ተነስቶ በሲሚንቶ የሚገነባው ነገር ብሬከር ነው ግድብ ነው? ባጃጆቹ በዳር በቀረችው ቀዳዳ ሹልክ ይላሉ፣ እኔ ሆዷ ሲፋቅ ጥርሴን ነክሼ በሰያፍ እወጣለሁ፣ ተሳፋሪዎቹ ዞረው ያዩኛል። 3.7 ሊትር ገባ፣ የተረፈችውን ጠብታ "በየሳምንቱ እያዩ ይጨምሩባት" ብሎ አስታቀፈኝ።

የሚያበግነኝ ግን ይሄ ሁሉ አይደለም። ማርከሩ ነው።

ልጁ ሲጨርስ ነጭ ማርከር አወጣ፣ የአየር ፊልትሮው ጥቁር ሳጥን ላይ የተቀየረበትንና የሚቀየርበትን ኪሎ ሜትር ጻፈ፣ ከላዩ ደግሞ በትልቁ "ኮሮላ"። እንደ ሱቅ ታፔላ። ሮን አሳምሮ፣ ላን እግሯን ዘርግቶ፣ ከስሩም አሰመረበት! ጎሚስታው ሲከፍት ያነባል። ላቫጆ ልጆቹ ያነባሉ። የሚስቴ ወንድም አንብቦ "ኮሮላ ስፖርት አወጡ እንዴ?" አለ። 5,000 እስኪሞላ ነው የሚቆየው ብዬ ሂሳብ ሠራሁ፣ በቀን 12 ኪሎ ሜትር ነው የምሄደው፣ ከዓመት በላይ! ከዚያ በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 170 ነው፣ 30 ጊዜ ብመላለስ ይሞላል ብዬ የክፍያውን ማስላት ስጀምር ሚስቴ ስልኩን ቀማችኝ።

ቤንዚን ሞከርኩ። ኦሞ ሞከርኩ። ባለፈው ቅዳሜ የሚስቴን የጥፍር ቀለም ማጥፊያ ይዤ ወጣሁ፣ ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ስፈትግ ቆየሁ። ቁጥሮቹ በሙሉ ጠፉ። ኮሮላ አለ። እንደውም ፕላስቲኩ ዙሪያውን ስለደበዘዘ ከሩቅ ይነበባል።

አሁን ዘይቱ መቼ እንደሚቀየር አላውቅም። ትናንት ልጁ ጋ ደወልኩ፣ ደብተር ላይ እንደሚመዘግብ አይቼ ነበር።

"መኪናው?"

"ሴሊካ።"

ገጽ ሲገለጥ ይሰማኛል። "ሴሊካ የሚባል የለም ጋሼ።"

"ቀይ። ስፖርት።"

"የለም።"

ሚስቴ አጠገቤ ቁጭ ብላለች። ዞር ብዬ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። "ኮሮላ።"

"እ! ባለ ሁለት በሯ ኮሮላ! ምነው ጠፉ ጋሼ?"