ሰማያዊው ውሃ በየት በኩል ወጣ?

በመስቀል ማግስት ጠዋት፣ ከለገጣፎ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ግቢ፣ ውስጣቸው መኝታ፣ ዕቃ ማጠቢያና ሽንት ቤት ያላቸው አምስት ካምፐር መኪኖች ለጉዞ ተሰናድተው ተራ ይጠብቁ ነበር። እንግዶቹ ደመራ ለማየት በሞያሌ በኩል የገቡ ናቸው፤ ከመነሳታቸው በፊት የሰነበተ ቆሻሻ ውሃቸውን ማራገፍ ይፈልጋሉ። የጓሮ ሠራተኛው ከግቢው ሴፕቲክ ታንክ (ከመሬት ሥር ካለው የፍሳሽ ማጠራቀሚያ) ክዳኖች ለመኪኖቹ የሚቀርበውን በዲጂኖ ፈልቅቆ ከፈተላቸው። ጎማ ተዘረጋ፣ ቫልቭ ተከፈተ፣ ካሴት የሚሉት የሽንት ቤት ዕቃ ተገለበጠ። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢፈጅባቸው ነው፤ ቲፕ ሰጥተው፣ እጅ ነስተው ሄዱ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በታችኛው አጥር ጥግ፣ ሣሩ መሃል ውሃ አቁሮ ተገኘ። መጀመሪያ ያየው ዘበኛው ነው።

«ጋሼ፣ ይኼ የዝናብ ውሃ አይመስለኝም፤ ቀለም አለው» ብሎ የግቢውን ኃላፊ ጠራቸው።

እውነትም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነበር። ሽታውም የሽንት ቤት ብቻ ሳይሆን የመድኃኒት ነው።

ምስጢሩን ያወጣው ቀለሙ ነው። ካምፐር መኪና ሁለት ዓይነት ቆሻሻ ውሃ ይዞ ይዞራል። ከዕቃ ማጠቢያና ከሻወር የሚወርደው ከመኪናው ሆድ ሥር ባለ ታንከር ይጠራቀማል፤ በብዙዎቹ ላይ 100 ሊትር ገደማ ይይዛል። የሽንት ቤቱ የሚገባው ካሴት በሚሉት፣ በመኪናው ጎን ተስቦ በሚወጣ ከ17 እስከ 20 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ነው። (አሜሪካ ሠራሽ የሆኑት ትልልቆቹ አብዛኛውን ጊዜ ካሴት የላቸውም። እነሱ በባለ 3 ኢንች ጎማ ያራግፋሉ፤ የሽንት ቤቱን ያስቀድሙና የሳሙናውን ውሃ ያስከትላሉ፣ ጎማው በዚያው እንዲታጠብ።) ካሴቱ ውስጥ ሽታ የሚያጠፋ ባለቀለም ፈሳሽ ይጨመራል። በዚያን ዕለት የተደፋው ሰማያዊው ነበር።

ሴፕቲክ ታንክ በትክክል ሲሠራ የገባበት ውሃ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይበታል። ደቃቁ ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ መሃል ያለው ጠለል ያለ ውሃ ብቻ ቀስ እያለ ወደ አፈር ወደሚሰርግበት ማስረጊያ ጉድጓድ ያልፋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት የተደፋ ቀለም ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጥር ጥግ ከታየ ግን ውሃው ታንኩ ውስጥ አላደረም፤ በአቋራጭ አልፏል ማለት ነው።

በማግስቱ የታንኩ ሁለቱም ክዳኖች ተከፍተው ለጥቂት ጊዜ አየር እንዲያገኙ ተተዉ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከታንኩ የሚወጣው ጋዝ ገና ሲሸት እንደ በሰበሰ እንቁላል ነው፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ማየት፣ ክብሪት መጫር፣ የወደቀ ዕቃ ለማውጣት መውረድ ፈጽሞ አይደረግም። አንዱ ሲወድቅ ሊያወጣው የገባው ሁለተኛ ሰው ጭምር የሚሞተው በዚህ መንገድ ነው።

ታንኩ ባለሁለት ክፍል ነበር። ውስጡ ሲለካ ርዝመቱ 2.4 ሜትር፣ ወርዱ 1.2 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 1.2 ሜትር፤ በጠቅላላው 3.5 ሜትር ኪዩብ ገደማ። ከቤቱ የሚመጣው ቧንቧ የሚገባው ትልቁ የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ነው። ሠራተኛው የከፈተው ግን የሁለተኛውን ክዳን ነበር፤ የ«ቲ» ቅርጽ ያለው መውጫ ቧንቧ የሚገኝበትን። ልጁን መውቀስ አይቻልም። ክዳኖቹ መንታ ናቸው፣ ምልክት የላቸውም፣ የተከፈተውም ለመኪና የቀረበው ነው።

ሁለተኛው ክፍል ከ1.2 ሜትር ኪዩብ አይበልጥም። የዝቃጩ መጠን የተለካው በቀላል ዘዴ ነው፦ ረጅም እንጨት ላይ አሮጌ ነጭ ፎጣ ጠምጥሞ እስከ ወለሉ መስደድ፣ ጥቂት ቆይቶ ቀጥ አድርጎ ማውጣት፤ ጥቁሩ የደረሰበት ድረስ ዝቃጭ ነው። ፎጣው እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ጠቁሮ ወጣ። ዝቃጩና ከላይ የሚንሳፈፈው ቅባት ተደምረው የጥልቀቱን ሲሶ ከያዙ ታንኩ በመምጠጫ መኪና መመጠጥ አለበት፤ ይኼኛው ቀኑ ካለፈ ቆይቷል። በዚያ ላይ ከአምስቱ መኪኖች 500 ሊትር የሳሙና ውሃና 100 ሊትር የካሴት፣ በድምሩ 600 ሊትር በግማሽ ሰዓት ወረደበት። አራት ክፍል ያለው ማረፊያ በቀን የሚያወጣው ከዚህ ብዙ አይርቅም። መጠኑ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው የጎዳው። ከላይ የሚወርደው ውሃ ዝቃጩን እንደ ሊጥ በጠበጠው፣ ብጥብጡ በ«ቲ»ው አልፎ ማስረጊያ ጉድጓዱን ደፈነው።

አፈሩም ጭምር አላገዘም። አካባቢው መረሬ ነው። መረሬ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ክረምት የጠጣውን ይዞ ያብጥና ውሃ አላሳልፍ ይላል። መስከረም አጋማሽ ላይ ገና እንዳበጠ ስለሆነ ጉድጓዱ ከወትሮውም የሚያሰርገው በጭንቅ ነው።

የመምጠጫ መኪናው ሲመጣ ሾፌሩ አፈሩን አንዴ አየና «እኔ ከኮረቱ አልወርድም» አለ። ትክክል ነው፤ የተጫነ መኪና በዚያ ወር መረሬ ላይ ከገባ የሚያወጣው ትራክተር ነው። ጎማ ተቀጣጥሎ ተዘረጋ። አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ መምጠጥ ውሃ የሚያነሳው በአየር ግፊት ነው። በባህር ጠለል ላይ በንድፈ ሐሳብ 10 ሜትር ያህል ይነሳል፤ 2,400 ሜትር አካባቢ ግን ጣሪያው ወደ 7.7 ሜትር ይወርዳል፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ መኪናውን ከታንኩ እጅግ ከፍ ያለ ቦታ ማቆም ጉልበቱን ይበላዋል።

ታንኩ እንደተመጠጠ ወዲያው ንጹህ ውሃ ተሞላ። ባዶውን ቢያድር ያበጠው መረሬ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ከአጥሩ ማዶ ነበር። የጎረቤት እማማ የእጅ ጉድጓድ ከማስረጊያው 12 ሜትር ብቻ ይርቃል። በመካከላቸው ቢያንስ 30 ሜትር መኖር ነበረበት። ኃላፊው ራሳቸው ሄደው ነገሯቸው።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ ለጊዜው ከጉድጓዱ እንዳይጠጡ።»

«እኔስ እሺ፣ የጠዋት ቡናዬን በምን ላፍላ?» አሉ።

ለሁለት ሳምንት በጀሪካን የቧንቧ ውሃ ተመላለሰላቸው። ማስረጊያው ሥራ አቁሞ፣ የቋጠረው ሁሉ ከተመጠጠ በኋላ ጉድጓዳቸው በበረኪና ታከመ። ስፋቱ 1 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 3 ሜትር ስለሆነ 2,360 ሊትር ገደማ ውሃ አለው፤ ለዚህ ባለ 5 በመቶ በረኪና 2.4 ሊትር ይበቃል። በባልዲ ውሃ ቀጥኖ ተጨመረ፣ ለ12 ሰዓት ተዘግቶ ቆየ፣ ሽታው እስኪጠፋ ተቀድቶ ተደፋ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ለመጠጥ አፍልተው እንዲጠቀሙ ተነገራቸው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፤ ጀርም ለመግደል ይበቃል፣ ግን መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት።

ዛሬ ግቢው ውስጥ ያለው አሠራር ይህን ይመስላል። የሳሙናው ውሃ በቀጥታ ወደ ታንክ አይገባም። አፉ ላይ ወንፊት ወዳለው በርሜል ይወርድና ከሥሩ በተገጠመች ትንሽ ቫልቭ ቀኑን ሙሉ እየተንጠባጠበ ወደ መጀመሪያው ክፍል ይገባል። ወንፊቱ ሩዝ፣ ፀጉርና የሽንኩርት ልጣጭ ይይዛል። በርሜሉ ሲሞላ ቀጣዩ መኪና ይጠብቃል፤ የሚቸኩል እንግዳ ከመሄዱ በፊት ባለው ምሽት ያራግፋል። ካሴት በቀን ከሁለት አይበልጥም።

የፈሳሹን ጠርሙስ ማየት ግዴታ ሆኗል። ለሴፕቲክ ታንክ ተስማሚ ነው የሚል ጽሑፍ ያለበት (ብዙውን ጊዜ አረንጓዴው) ይገባል። ፎርማልዴሃይድ የሚባል ኬሚካል ያለበት ግን ታንኩን የሚያሠራውን ባክቴሪያ ስለሚገድል፣ ክዳን ባለው ሌላ በርሜል ተጠራቅሞ ከታንኩ ዝቃጭ ጋር በመምጠጫ መኪና ይወሰዳል።

ካሴት ሲከፈት ፊትን ዞር ማድረግ ነው። ከአዋሽ፣ ከ1 ሺህ ሜትር ገደማ ተነስቶ እዚህ የወጣ ካሴት ውስጥ የታመቀው አየር ከውጪው ስለሚበልጥ ቆቡ በአንዴ ከተፈታ ይተፋል። ጓንት አድርጎ፣ ጨርቅ ጣል አድርጎበት፣ ሩብ ዙር ፈትቶ እስኪተነፍስ መጠበቅ። የአየር ማስገቢያዋ ቁልፍ የምትጫነው አፉ ወደ ታች ከዞረ በኋላ ነው፤ ያኔ ሳይንቦጫረቅ ይወርዳል። ማለቅለቂያው ጎማ ቀይ ተቀብቷል፣ ለመጠጥ ውሃ የሚሞላው ሰማያዊ ነው፣ ቧንቧዎቻቸውም በግቢው ሁለት ጫፍ ናቸው። ካሴት የነካ ጎማ የመኪና መጠጥ ውሃ መሙያ ውስጥ የገባበት ጊዜ እዚያ ግቢ ውስጥም አልጠፋም ይባላል።

አዲሱ ማስረጊያ ጉድጓድ የተቆፈረው ጥር ላይ፣ መሬቱ ሲደርቅ፣ ከእማማ ጉድጓድ በተቃራኒው ጎን ነው። በሁለተኛው ክፍል ክዳን ላይ ትልቅ ቀይ «ኤክስ» ተቀብቶበታል። ዲጂኖዋም አሁን የምትቀመጠው ዘበኛው ቤት ነው።