ማኅበር፣ ዐውደ ርእይና የልብስ ስፌት መኪናዬ

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ የማርያም ማኅበራችን እንደ አገር ቤቱ ወር በገባ በ21 አይጠጣም፤ ሁላችንም የሰው ሥራ ላይ ስለሆንን ለዕለቱ ወደሚቀርበው ቅዳሜ ይዛወራል። ባለ ተራዋ ድፎ ዳቦ ትደፋለች፣ ጠላውን ሙያው ያላቸው እናቶች ይጠምቃሉ፣ እኔ ደግሞ የማዋጣው መርፌና ክር ነው። ከሽሮ ሜዳ በሰው እጅ የሚላክልን ቀሚስ ብዙ ጊዜ በስልክ በተነገረ ልክ የተሰፋ በመሆኑ ወይ ደረቱ ይጠባል ወይ ርዝመቱ መሬት ይጠርጋል፤ ስለዚህ ቡናው እስኪፈላ ባለቤቷን አቁሜ እለካለሁ፣ በስፒል አያይዤም ወደ ቤቴ እወስደዋለሁ።

የሸማ ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል። ድርና ማጉ ላላ ብሎ በእጅ የተሸመነ ስለሆነ መቀስ የነካው ጠርዝ ወዲያው ይተረተራል፤ በመሆኑም የሚቆረጠውን መስመር ግራና ቀኝ በቀጭን መርፌ ከሰፋሁ በኋላ ነው በመካከሉ የምቆርጠው። ቀሚስ ማሳጠር ደግሞ ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል እንጂ፣ ጥለቱ ከታች ስላለ ከግርጌ መቁረጥ ፈጽሞ አይቻልም፤ ወገቡ ተፈትቶ ትርፉ ወደ ላይ ተስቦ እንደገና ይያያዛል። ጎኑ ሲጠብም የፊትና የኋላው ጥለት በስፌቱ ላይ መስመር ለመስመር መገጣጠም አለበት፤ ትንሽ ከተዛነፈ ከሩቅ ያስታውቃል። መኪናዋ ፈጣን ብትሆንም አስቀድሜ በእጄ ሳልወሰውሰው አላምናትም።

በባልቲሞር የሚገኘው ዋልተርስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2023 እስከ ማርች 2024 «ኢትዮጵያ በመስቀለኛ መንገድ ላይ» የተሰኘውን ዐውደ ርእይ ባሳየ ጊዜ የማኅበሩ አባላት በየመኪናችን ተከፋፍለን ሄድን። እናቶች በየሥዕለ አድኅኖው ፊት እጅ እየነሱ ስለሚያልፉ ጉብኝታችን ከሌላው ሰው እጥፍ ጊዜ ወሰደ፤ ለእኔ ግን ይህ ጠቀመኝ፣ ብራናዎቹን እንደ ልቤ ለማየት ጊዜ አገኘሁ። የድሮ ጠራዦቻችን ጥራዞቹን እርስ በርስና ከእንጨቱ ገበታ ጋር ያያያዙት በሰንሰለት ስፌት ነው፤ በገበታው ውስጠኛ ገጽም ከህንድ የመጣ የጥጥ ጨርቅ ወይም ሐር የለጠፉ ነበሩ። በስብሰባችን ላይ የመርፌ ሥራ እንደ ትንሽ ነገር ሲነሳ ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ አላልፍም።

ዐውደ ርእይ ለማየት ሁልጊዜ ባልቲሞር ድረስ መሄድ እንኳ አያስፈልግም። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማረው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ከከበደች ተክለአብ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የሠራው ግዙፍ የአሉሚኒየም ሥራ ዋሽንግተን በሚገኘው ኤምባሲያችን ግድግዳ ላይ አለ፤ አብዛኞቻችን ግን ለፓስፖርት እድሳት ስንጣደፍ ቀና ብለን አናየውም። ከዛሬዎቹ ሠዓሊዎች ደግሞ እኔን የሚማርከኝ ኤልያስ ስሜ ነው፤ በቀደሙት ሥራዎቹ ሸራ ላይ ክርና አዝራር እየሰፋ ሥዕል የሠራ ሰው ለስፌት ወዳጅ ዘመድ ማለት ነው።

በቅርቡ ማኅበራችንን ያነጋገረው ጉዳይ ኪስ ነው። እዚህ የተወለዱት ልጆች የሐበሻ ቀሚሳቸው የስልክ ማስቀመጫ እንዲኖረው ጠየቁኝ፤ ትልልቆቹ ግን «ደግሞ ለሐበሻ ቀሚስ ኪስ!» ብለው ተቃወሙ። ሸማው የስልክ ክብደት ስለማይችል ኪሱን ከጠንካራ ነጭ አቡጀዲ ቆርጬ በጎን ስፌቱ ውስጥ አስገባሁት፣ ጫፉንም እንዳይጎትት ከወገቡ ጋር በጥብጣብ አያያዝኩት። ከሁሉ በላይ ሲቃወሙ የነበሩት እናት በሚቀጥለው ማኅበር ወደ ጓዳ ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ለእኔም መነጽሬን የምትይዝ አንዲት ትንሽ ኪስ አድርጊልኝ፤ ስፌቷ ግን እንዳይታይ» አሉኝ።