ሚዛኑ ባይወርድም እርምጃውን አታቋርጡ

«ስኳርዎ ከፍ ማለት ጀምሯል፣ እንቅስቃሴ ያድርጉ» የተባለ ሰው ውጤቱን የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ሚዛን ላይ ነው። ወር ሙሉ ተራምዶ ኪሎው ንቅንቅ ሳይል ሲቀር ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። የሚያሳዝነው፣ በዚያው ወር ጡንቻው ስኳር ማንሳት ጀምሮ ነበር። ስብና ጡንቻ በአንድ ፍጥነት አይለወጡም።

ስብ ዝም ብሎ የተከማቸ ትርፍ ምግብ አይደለም፤ ሆርሞን ያመነጫል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታወቀው ሌፕቲን «ጎተራው ሞልቷል» እያለ ለአንጎል ይናገራል፤ ስብ ሲበዛ ግን ሌፕቲኑ ቢትረፈረፍም አንጎል መስማቱን ይቀንሳል። ሌላው የስብ ሆርሞን አዲፖኔክቲን ደግሞ ጡንቻና ጉበት ለኢንሱሊን፣ ማለትም ቆሽት አመንጭቶት የደም ስኳርን ዝቅ ለሚያደርገው ሆርሞን፣ እንዲታዘዙ ያግዛል። የሚገርመው፣ የሚሠራው በስብ ሴል ሆኖ ሳለ ቦርጭ በጨመረ ቁጥር መጠኑ ይቀንሳል። ያበጡ የስብ ሴሎች በዚህ ላይ እንደ ቲኤንኤፍ-አልፋ ያሉ ብግነት የሚያስነሱ ነገሮችንና ቅባት አሲድን ወደ ደም ይለቃሉ፤ እነዚህ በሴል ውስጥ የሚተላለፈውን የኢንሱሊንን መልእክት ያደናቅፋሉ። ኢንሱሊን ሬዚስታንስ የሚባለው ይኸው ነው። ጉበት ሌሊቱን ስኳር መልቀቁን አያቆምም፣ ቆሽትም እስኪደክም ድረስ ኢንሱሊን ይጨምራል። ጠዋት ሳይበሉ የተለካ ስኳር ከፍ የሚለው ለዚህ ነው።

ክፉው ስብ አንጀትን የከበበው ሞራ ነው፤ ደሙ በቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳልና። እጅና እግሩ ቀጭን፣ ሆዱ ግን የወጣ ሰው «እኔ ወፍራም አይደለሁም» ብሎ መዘናጋት የለበትም። ሜትሩን ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት አናት መሐል፣ ትንፋሽ ወጥቶ ሲያበቃ፣ በባዶ ገላ ላይ ለኩ። ወንድ 94፣ ሴት 80 ሴንቲሜትር ከደረሱ ማሰብ ይገባል።

አሁን ወደ ጡንቻ። ኢንሱሊን ከደም የሚያስነሳውን ስኳር አብዛኛውን የሚወስደው ጡንቻ ነው። ስኳሩን የሚያስገባው ግሉት-4 የሚባል ፕሮቲን ሲሆን፣ ኢንሱሊን ሲጠራው ወደ ሴሉ ገጽ ይወጣል። ጡንቻ ሲኮማተር ግን ኢንሱሊን ሳይጠራውም በሌላ መንገድ ይወጣል! የኢንሱሊን መንገድ የተበላሸበት ሰው እንኳ ይህ መንገዱ ክፍት ነው። ከእርምጃው በኋላም ጡንቻው ለ24፣ አንዳንዴም ለ48 ሰዓት ለኢንሱሊን የተሻለ ይታዘዛል። ከዚያ ያልፍበታል። ስለዚህ ሁለት ቀን በተከታታይ አትዝለሉ፤ የእሑድ ኳስ ብቻውን የሳምንቱን ሥራ አይሠራም።

ወደ ስቡ ስንመለስ፣ አዲፖኔክቲን ብዙ ጊዜ በግልጽ ከፍ የሚለው ክብደት ሲቀንስ ነው። በአሜሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው ትልቅ ጥናት፣ ለስኳር ሕመም የተቃረቡ ሰዎች 7 በመቶ ክብደት መቀነስንና በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴን ግብ አድርገው ሕመሙ የመያዝ ዕድሉን በ58 በመቶ ቀንሰዋል። ለ80 ኪሎ ሰው 7 በመቶ ማለት ከ6 ኪሎ በታች ነው።

ድሬዳዋ ላይ ጠላቱ ሙቀት ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ መራመድ ይመረጣል፤ እያወሩ መሄድ የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ፍጥነት ይበቃል። 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን። ከእራት በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ መጨመር የምግቡን ስኳር በቀጥታ ይቀንሳል። የሐረር ሰው የጀጎልን ዳገት ይጠቀምበት። በሳምንት ሁለቴ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ 10 ጊዜ በ3 ዙር፣ ግድግዳ መግፋት፣ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ማንሳት ጨምሩ፤ ጡንቻ ከሌለ ስኳሩ የሚገባበት የለም። እግሩ የደነዘዘ ሰው የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በሸበጥ አይሂድበት፤ የተሸፈነ ጫማ ያድርግ፣ ከማጥለቁ በፊትም ውስጡን በእጁ ይዳስስ።

የጫት በርጫውን ሳላነሳ ባልፍ አገሬን አላውቅም ማለት ነው። ጉዳቱ ቅጠሉ ላይ ብቻ አይደለም፤ ለሰዓታት መቀመጡ፣ የተዘለለው ምሳ፣ ሌሊት የሚበላው ከባድ እራትና ለስላሳው አለ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይዟል። ቢያንስ በውኃ ተኩት፣ በየግማሽ ሰዓቱም ተነስታችሁ 3 ደቂቃ ተንቀሳቀሱ። በምርቃና ላይ ግን ከባድ ስፖርት አትሥሩ፤ ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ከእርምጃው በፊት ስኳሩን ይለካ፤ ከ90 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ 15 ግራም ያህል፣ ማለትም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ይውሰድ። የድሬ ሙቀት አደገኛ የሚሆነው እዚህ ነው፤ ስኳር ሲወርድ የሚመጣው ላብ ከፀሐይ ላብ ጋር ይምታታል። መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ ወይም ግራ መጋባት ከላቡ ጋር ከመጣ ቁሙና ለኩ፤ መለኪያ ከሌለ ወርዷል ብላችሁ ስኳር ውሰዱ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና አረጋግጡ። ስኳሩ ከ250 በላይ ሆኖ የሚያስመልስ ወይም የሚያቅለሸልሽ ከሆነ ስፖርቱ ይቅርና ሐኪም ጋ ይኬድ። ደረት ላይ ሕመም ከተሰማም እንዲሁ።

ሌፕቲንና አዲፖኔክቲን ለማስመርመር ገንዘብ አታውጡ። ወገባችሁን በወር አንዴ ለኩ፤ የ3 ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየውን ኤችቢኤዋንሲ ደግሞ ሦስት ወር ሳታቋርጡ ከተራመዳችሁ በኋላ አሠሩ።