ፍሬን የሌለው ሞተር፣ ርስት የሌለው ስፖርት፦ ከማንቸስተር እስከ ሌስተር

ብሪታንያ ውስጥ ስፒድዌይ (ፍሬን በሌለው ሞተር ሳይክል በሞላላ መም ላይ የሚደረግ ውድድር) ማየት የሚፈልግ ሰው ከማንቸስተር ቢነሳ ይሻለዋል። ጎርተን ሰፈር ያለው ብሔራዊ የስፒድዌይ ስታዲየም በ2016 ለዚሁ ስፖርት ተብሎ የተሠራ ነው (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከመሀል ከተማው በሃይድ ሮድ የሚያልፍ አውቶቡስ ትይዛላችሁ፤ ከወረዳችሁ በኋላ ያለው መንገድ ለእግር አያስቸግርም። የቤል ቩ ቡድን ሜዳው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚወዳደረው ሰኞ ማታ ነው፤ መግቢያው 20 ፓውንድ አካባቢ ነው። በሩ ላይ የሚሸጠውን ፕሮግራም ግዙ፣ እስክሪብቶም አትርሱ፤ ነጥቡን ራሳችሁ እየሞላችሁ ካልተከታተላችሁ ከአምስተኛው ሩጫ በኋላ ማን ምን እንዳገኘ ይጠፋችኋል። መታጠፊያው ላይ አጥሩ ሥር አትቁሙ። እዚያ የቆመ ሰው ሻዩን ጎማዎቹ ከሚወረውሩት ድንጋይ ጋር ይጠጣል።

ሞተሩ 500 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ሲሆን የሚሠራው በሜታኖል ነው። ማርሹ አንድ ብቻ ነው፣ ፍሬን የለውም፤ ፍሪሲዮኑ በዋናነት የሚያስፈልገው ለመነሻ ነው። ክብደቱ ከ77 ኪሎ ማነስ የለበትም። አራት ሞተረኞች፣ ሁለት ከባለሜዳው ሁለት ከእንግዳው፣ ከተዘረጋው የመነሻ ክር ኋላ ይሰለፋሉ፤ ክሩ ወደ ላይ ሲፈናጠር ወደ ግራ እየታጠፉ አራት ዙር ይሮጣሉ። ባለሜዳዎቹ ቀይና ሰማያዊ፣ እንግዶቹ ነጭና ቢጫ የራስ ቁር ሽፋን ያጠልቃሉ። አንደኛ 3፣ ሁለተኛ 2፣ ሦስተኛ 1፣ አራተኛ ባዶ።

ፍሬን ከሌለ ፍጥነት የሚቀንሰው በመንሸራተት ነው። ሞተረኛው መታጠፊያው ላይ ነዳጅ እየሰጠ የኋላውን ጎማ ወደ ውጭ ያንሸራትታል፣ መሪውን ወደ ቀኝ ያዞራል፣ የብረት ሶል የታሰረበትን ግራ እግሩን መሬት ላይ ይጎትታል። መሀል ላይ ፈርቶ ነዳጁን በድንገት የዘጋ ሰው የኋላው ጎማ መሬቱን ይይዝበታል፤ ሞተሩ ቀጥ ይልና ወደ አጥሩ ይወስደዋል። መታጠፊያዎቹ በአየር በተሞላ አጥር የሚከበቡት ለዚህ ነው። ከሞተረኛው የእጅ አንጓ ላይ የታሰረው ገመድ ደግሞ ሲወድቅ ተመዝዞ ሞተሩን ያጠፋል።

አንድ ሩጫ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ በምሽቱ 15 ሩጫ አለ። ሁለት ሰዓት ለሚቆይ ዝግጅት የከፈላችሁት ገንዘብ ሩብ ሰዓት ውድድር ይገዛል ማለት ነው። ይህን ሲነግሯቸው የሚከፋቸው አፍቃሪዎች አሉ፤ እኔ ግን አዲስ ተመልካች ለሁለተኛ ጊዜ የማይመለስበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

የቀረው ጊዜ በአብዛኛው የሚሄደው ለመሙ ነው፤ እርሱን ማየትም ለገባው ሰው ከውድድሩ አይተናነስም። ከታች ጠንካራ መሠረት አለ፣ በላዩ ላይ የተፈጨ ድንጋይ በስሱ ይነጠፋል። ውኃ የሚጠጣው ከግጥሚያው በፊት ነው። ውኃው ካነሰ አቧራ ይሆናል፣ ኋላ የሚከተለው ሞተረኛም ምንም አያይም፤ ከበዛ ደግሞ ላዩ ጭቃ ሆኖ ይቦረቦራል። በየሩጫው የኋላ ጎማዎች ድንጋዩን ወደ አጥሩ ይወረውሩታል። ስለዚህ ከጥቂት ሩጫ በኋላ ትራክተር ገብቶ ወደ ውስጥ መልሶ መጎተት አለበት። ካልጎተተ የውስጡ መስመር ይራቆታል፣ መቅደም አይቻልም፣ ከመነሻው የቀደመ ሁሉ አሸናፊ ይሆናል። መም ማበጀት እዚሁ ማንቸስተር ውስጥ እንኳ ቀላል አልነበረም፤ በመጋቢት 2016 የመክፈቻው ምሽት በመሙ ጉድለት ምክንያት ሳይካሄድ ቀርቷል።

ከማንቸስተር ሸፊልድ በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። ከጣቢያው ወደ ሂልስቦሮ የሚሄደውን ትራም ይዛችሁ ኦውለርተን ስታዲየም ትደርሳላችሁ። መሙ 361 ሜትር ነው፣ መታጠፊያዎቹም ሰፊ ናቸው፤ ፍጥነት የሚወድ ሰው ከቤል ቩ ይልቅ ይህን ሊመርጥ ይችላል። እዚህ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በእናንተና በሞተሮቹ መካከል ሌላ የአሸዋ መም አለ። የውሾች መሮጫ ነው፤ ስታዲየሙም ገንዘብ የሚያገኘው በውሾቹ ላይ ከሚደረገው ውርርድ ጭምር ነው። ስፒድዌይ በሌላ ሰው ቤት የሚያድር እንግዳ ነው።

የስፖርቱ ዋና በሽታ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ብሪታንያ ውስጥ የመጀመሪያው እውቅና ያለው ግጥሚያ የተካሄደው በየካቲት 1928 ለንደን ጫፍ ላይ በሚገኘው ሃይ ቢች ነው። በ1981 የዌምብሊው የዓለም ፍጻሜ ላይ ከ90,000 በላይ ሰው ነበር። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ብዙዎቹ ቡድኖች የራሳቸውን መሬት ሳይገዙ ቀሩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል የኛ ሰው።

ዎልቨርሃምፕተን ሄዳችሁ የምታዩት ይህንኑ ነው። ሞንሞር ግሪን የተባለው ስታዲየም አሁንም ክፍት ነው፣ ውሾቹም ይሮጣሉ፤ የስፒድዌይ ቡድኑ ግን ከ2023 በኋላ ቦታ አጣ፣ ምክንያቱም የስታዲየሙ ባለቤት የውርርድ ድርጅት ቀኖቹን ለውሾቹ ፈለጋቸው። በዚያው ዓመት የፒተርቦሮ ቡድን ሜዳውን ለግንባታ ዕቅድ አጣ፤ ይህ ቡድን በ2021 የሀገሪቱ ሻምፒዮን ነበር። ዋንጫ ኪራይን አያድስም። የውሻ ውድድሩም ቢሆን አስተማማኝ አከራይ አይደለም፤ የክሬይፎርድ የውሻ መሮጫ በ2025 መጀመሪያ ተዘግቷል፣ የዌልስ መንግሥትም የውሻ ውድድርን እንደሚያግድ አስታውቋል። አከራዩ ሲዘጋ ተከራዩ አብሮ ይወጣል።

ኮቨንትሪና ራግቢ መካከል ብራንደን የምትባል መንደር አለች። ከኮቨንትሪ ጣቢያ ታክሲ ይሻላል። እዚህ ውድድር የለም፣ ውስጡም አይገባም፤ ለማየት የሚቀረው ከአጥሩ ውጭ ያለው ብቻ ነው። ስፒድዌይ በ1928 የተጀመረበትና የኮቨንትሪ ቡድን ሜዳ የነበረው ስታዲየም ከ2016 ወዲህ ተዘግቶ፣ ተዘርፎ፣ ተደጋጋሚ ቃጠሎ ደርሶበታል። ባለቤቶቹ ቤት ሊሠሩበት ያቀረቡትን ዕቅድ የራግቢ ምክር ቤት በ2022 ውድቅ አደረገው። ደጋፊዎቹ ክርክሩን የያዙት በስሜት ብቻ አልነበረም፤ የዕቅድ ሕጉን አጥንተው፣ የስፖርት ሜዳ የሚጠፋው ተተኪ ሲኖረው ብቻ ነው የሚለውን ነጥብ ይዘው ነው የሞገቱት። ሌሎች ከተሞች ያሉ ደጋፊዎች ሊቀዱት የሚገባ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ግንባታን ማስቆምና ሞተር ማስነሳት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የፈረሰ ስታዲየም ለማደስ የሚወጣው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ክርክሩ አይመልስም።

ሁለተኛው ጣጣ የሰው ኃይል ነው። ሞተረኛ ደመወዝተኛ አይደለም፤ ሞተሩን፣ መለዋወጫውን፣ መኪናውንና መካኒኩን ራሱ ይችላል፣ የሚከፈለው ባገኘው ነጥብ ልክ ነው። ፖላንድ ውስጥ ለአንድ ነጥብ የሚከፈለው ከብሪታንያ እጅግ ይበልጣል፣ ዋናዎቹ ግጥሚያዎችም ዓርብና እሑድ ናቸው፤ የስዊድን ሊግ ማክሰኞ ነው። ለብሪታንያ ከፍተኛ ሊግ የተረፉት በአብዛኛው ሰኞና ሐሙስ ናቸው። ሰኞ ማታ ልጆቹን ይዞ የሚወጣ አባት ስንት ይገኛል? ሞተረኛ በማነሱም አንዱ ሰው በሁለቱም የሊግ እርከኖች ለሁለት ቡድን ይሮጣል፤ የተጎዳ ካለ ደግሞ ከተፎካካሪ ቡድን እንግዳ ሞተረኛ ይዋሳሉ። ለድሮ ተመልካች ይህ የተለመደ ነው። አዲሱ ግን ባለፈው ሳምንት የጮኸበትን ሰው ዛሬ በቡድኑ ቀለም ሲያየው ግራ ይገባዋል፣ ግራ መጋባቱም ትክክል ነው።

ችሎታው ግን አልጠፋም። ታይ ዎፊንደን በ2013፣ በ2015 እና በ2018 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ብሪታንያ በ2021 እዚያው ማንቸስተር ላይ የሀገራትን ዋንጫ ወስዳለች። ከ2001 ጀምሮ ካርዲፍ ላይ ይካሄድ የነበረው ግራንድ ፕሪ (የዓለም ሻምፒዮናው አንድ ዙር) በ2025 ወደ ማንቸስተር ተዛውሯል። ከታላቅ ስታዲየም ጥቂት ሺህ ሰው ወደሚይዝ ሜዳ መውረድ ነው፤ ይሁን እንጂ ቋሚ መም ላይ የሚደረግ ውድድር ለአንድ ምሽት በስታዲየም ሣር ላይ ከሚነጠፍ መም ይሻላል።

ከኮቨንትሪ ኑኒተን ላይ ባቡር ቀይራችሁ ሌስተር ግቡ። ቦሞንት ፓርክ በ2011 የተከፈተ፣ ውሻ የሌለበት፣ ለስፒድዌይ የተሠራ ሜዳ ነው። ከመሀል ከተማው ወጣ ስለሚል መሬቱ እንደ ዎልቨርሃምፕተኑ ብዙ ተሻሚ የለውም። ጌጥ አትጠብቁ፤ መቆሚያው ዝቅተኛ ነው፣ ነፋሱ ይገባል፣ ጃኬት በሐምሌም ያዙ። እንዲህ ያለው ትንሽ፣ ርካሽና ለራሱ ለስፒድዌይ የተሠራ ሜዳ ነው የሚያዛልቀው ባይ ነኝ፤ የስካንቶርፕ ቡድንም በዚሁ መንገድ ሄዷል። የውድድር ወቅቱ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው። ዝናብ ከጣለ ግጥሚያው ሊሰረዝ ስለሚችል ትኬትና ማደሪያ ከመክፈላችሁ በፊት የዕለቱን ጠዋት የቡድኑን ማስታወቂያ ተመልከቱ።