ሻንጣውን ተወው

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ ያልወጣው በቶኪዮው ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰው አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 ሲያርፍ፣ ማኮብኮቢያው ላይ ከነበረ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። ከዚያኛው 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ፤ የኤ350ው 379 ሰዎች ግን በሙሉ ወጡ።

ከ8 በሮች ያገለገሉት 3 ብቻ ናቸው። አስተናጋጅ በር ከመክፈቷ በፊት በመስኮት ታያለች፤ ውጭ እሳት ካለ አትከፍትም። የውስጥ ድምፅ ማጉያው ስለተበላሸ ትእዛዙ በሜጋፎንና በጩኸት ነበር።

«ተአምር» ይሉታል፤ እኔ ሥልጠና ነው እላለሁ። ደግሞም ሻንጣ! አንድ ሰው ከላይ ሲያወርድ መተላለፊያው ይዘጋል፣ የሻንጣው ሹል ጠርዝም ሰው ከበሩ ወደ መሬት የሚወርድበትን በአየር የተነፋ መንሸራተቻ ሊቀደው ይችላል። ረጅም ተረከዝ ጫማም እንደዚያው፤ አውልቁት።