ራውተሩን ነቅዬ

ትናንት ማታ የደንበኛ ድረ ገጽ በፋይልዚላ (ፋይል ወደ ሰርቨር መላኪያ ፕሮግራም) እየጫንኩ ሳለ መብራት ድርግም አለ። ዋይፋዩም አብሮ። ግማሹ ፋይል አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ገጹ ባዶ ነጭ ሆነ። በስልክ ዳታ እስካስተካክለው ላብ አጠመቀኝ።

ዛሬ ቁጭ ብዬ ለጊትሃብ አክሽንስ (ኮድ ማስቀመጫው ጊትሃብ ሥራዎችን በራሱ የሚያስኬድበት አገልግሎት) አንድ ያምል ፋይል፣ ማለትም የትእዛዝ ዝርዝር፣ ጻፍኩ። ፑሽ ሳደርግ (ኮዱን ወደ ጊትሃብ ስሰድ) ክላውድ ላይ የኡቡንቱ (ሊኑክስ) ኮምፒውተር ይነሳል፣ ኮዱ መሥራቱን የሚፈትሸውን ቴስት ያስኬዳል፣ ካለፈ ብቻ ሰርቨሩ ላይ ይጭነዋል። የሰርቨሩ ቁልፍም ሴክሬትስ በሚባለው የጊትሃብ ምስጢር ማስቀመጫ ውስጥ ገባ፤ እስከዛሬ ዴስክቶፔ ላይ ነበር የተቀመጠው።

ፑሽ አድርጌ ራውተሩን ሆን ብዬ ነቀልኩት፣ ላፕቶፑንም ዘጋሁ። በስልኬ ጊትሃብን ሳየው፣ ሥራው ገና እየሄደ መሆኑን የምታሳየው ቢጫዋ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች... አረንጓዴ ሆነች፤ ተጭኗል!

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚሠራ ሰው ይሄ ቅንጦት አይደለም። ነገ ለቢሮ ልጆች አሳያቸዋለሁ።