ከጸበሉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ

ይሄን ፅሁፍ ስጀምረው ስተወው ነው የከረምኩት፣ ዛሬ ግን የሌሊት ፈረቃ ስለሌለኝ ቁጭ ብዬ ልጨርሰው።

ባለፈው ኅዳር ከፍቅረኛዬ ጋር ግራን ካናሪያ ሄደን ነበር። የስፔን ደሴት ናት ግን ካርታ ላይ ብታዩዋት ከስፔን ይልቅ ለአፍሪካ ነው የምትቀርበው፣ ከአፍሪካ ጠረፍ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት። ደቡብ ጫፏ ላይ ማስፓሎማስ ሚባል ቦታ አለ፣ 400 ሄክታር ገደማ የሚሸፍን የአሸዋ ተራራ ነው፣ ከ1987 ጀምሮ በህግ የተጠበቀ የተፈጥሮ ቦታ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምፅፈው)፣ እና እዛው ያለው ባሕር ዳር ላይ ሰው ልብሱን አውልቆ ይውላል። ሁሉም አይደለም፣ የሚፈልግ ያወልቃል፣ የማይፈልግ ለብሶ ያልፋል፣ ማንም ማንንም አይናገርም። ከባሕር ዳሩ አንዱ ክፍል ደግሞ ከድሮ ጀምሮ የኛ የዜጎች ነው።

ዜጋ ያልኩት ላልገባው፦ ሀገር ቤት ጌይ የሆንን ልጆች እርስ በርስ የምንጠራራበት ቃል ነው። ሌላው ሰው የሚጠራን ስም ስድብ ስለሆነ ለራሳችን ሌላ አወጣን። ቃሉን በጣም ነው የምወደው። ዜጋ፣ የሀገር ሰው ማለት እኮ ነው።

የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። እዛ ኅዳር ላይ ገና ከሰዓት ሳለ ይጨልማል፣ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ አውሮፕላኑ አምስት ሰዓት እንኳን ሳይሞላው ሸሚዝ ብቻ ለብሰህ የምትሄድበት ሀገር ያወርድሃል። አውቶቡስን ጉዋጉዋ ይሉታል፣ የኔ ሰው ቃሉን ከሰማ ጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ ጉዋጉዋ እያለ ነው የከረመው። ለሀበሻው ሰፈር እሱ የአክስቴ ልጅ ነው። ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ቤተክርስቲያን፣ ሰርግ፣ ለቅሶ ሁሉ ቦታ የአክስቴ ልጅ ሆኖ ነው የሄደው፣ እና ሁለታችንም ስለለመድነው ከብዶናል ብለን እንኳን አውርተን አናውቅም ነበር። ማስፓሎማስ እስክንሄድ ድረስ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ሚከብደኝም እሱ ነው። የመጨረሻ ጊዜ በሰው ፊት ልብሴን ያወለቅኩት ጸበል ቦታ ነው። 21 ዓመቴ ነበር። የሆነ ሰው ስለኔ ለቤተሰብ ተናግሮ እናቴ ሰባት ቀን ሙሉ ይዛኝ ሄደች። ጎህ ሳይቀድ፣ በዛ ብርድ፣ ከወንዶቹ ጋር ልብሳችንን አውልቀን ተሰልፈን ቆመን ውሃው ሲወርድብኝ በሁለት እጄ ራሴን ሸፍኜ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር፣ አጥማቂው በመቁጠሪያው ጀርባዬን እየመታ ልቀቅ ልቀቅ ይላል፣ እኔ ውስጤ ማንን ነው ልቀቅ የሚለው እላለሁ፣ እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጸበልን ጠልቼ አይደለም፣ አሁንም ቢሆን አምናለሁ፣ እናቴም ከፍቅር ነው ያደረገችው፣ ሰባቱንም ቀን ውጪ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አይቻታለሁ። ግን ከዛን ቀን በኋላ ሰውነቴ የኔ አልመስል አለኝ። ጂም ልብስ መቀየሪያ ውስጥ እንኳን ፎጣ አገልድሜ ነው የምቀይረው። ሐኪም ፊት ሸሚዜን ሳወልቅ እጄ ይንቀጠቀጣል። አስራ ምናምን ዓመት እንደዚ ኖርኩ።

ስለዚህ የኔ ሰው ማስፓሎማስ እንሂድ ሲለኝ ሁለት ዓመት እምቢ ብዬዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ከፋሮው ተነሳን። ፋሮ የሚሉት የመብራት ማማውን ነው፣ ከ1890 ጀምሮ ለመርከቦች ሲያበራ የኖረ ረጅም ድንጋይ፣ ከጎኑ ዘንባባ የከበባት ትንሽ ኩሬ አለች፣ ላ ቻርካ ይሏታል፣ ወፎች ከሩቅ እየመጡ የሚያርፉባት። ከዛ ጫማ አውልቆ በውሃው ዳር ግማሽ ሰዓት ገደማ በእግር ነው። በግራ በኩል አሸዋው ተራራ ሰርቷል፣ በቀኝ አትላንቲክ፣ ነፋሱ ደግሞ አይቆምም፣ አሸዋውን እያነሳ እያፈሰሰ ቁርጭምጭሚትህን ይደበድብሃል። እየሄድክ ሰዉ ቀስ በቀስ ይለወጣል። መጀመሪያ ልጆች የያዙ ቤተሰቦች፣ ከዛ የለበሰና ያልለበሰ የተቀላቀለበት፣ ከዛ ሩቅ የቀስተ ደመና ባንዲራ ሲውለበለብ ታያለህ፣ 7 ቁጥር ኪዮስክ ነው። ባንዲራውን ሳይ ጉልበቴ ከዳኝ፣ እንመለስ አልኩት። እሱ ምንም ሳይል አሸዋው ላይ ቁጭ አለና ውሃ አጠጣኝ፣ ከዛ «ለብሰህ ተቀመጥ፣ ማን ይነካሃል» አለኝ።

ለብሼ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ያህል። በዛ ሁለት ሰዓት ያየሁት ነው የለወጠኝ። ምክንያቱም እኔ በጭንቅላቴ የሳልኩት መጽሔት ላይ የምናያቸው አይነት ሰውነት ያላቸው ወጣቶች ነበር፣ ያሉት ግን ሰዎች ናቸው በቃ። ሆዳቸው የወረደ፣ ልባቸው የተቀደደበት ጠባሳ ደረታቸው ላይ ያለ፣ አንድ እግሩ የተቆረጠ ሰውዬ፣ ሰማንያ የሞላቸው የሚመስሉ ሽማግሌ ጋዜጣ እያነበቡ። ማንም ሆዱን ወደ ውስጥ አልሳበም። ካሜራ የሚያወጣ የለም፣ ያ ነውር ነው እዛ፣ አፍጥጦ ማየትም ነውር ነው፣ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ፎጣ ታነጥፋለህ፣ ህጉ ይሄው ነው። ሰው ስለ አየሩ ያወራል፣ ክሬም ጀርባው ላይ ያስቀባል፣ ይተኛል።

ከዛ ሳላስበው ተነስቼ አወለቅኩ። ቀጥታ ወደ ውሃው ሮጥኩ፣ ቀዝቃዛ ነበር፣ እና ያ የመጀመሪያው ማዕበል ትከሻዬ ላይ ሲወድቅ ጸበሉ ትዝ አለኝ፣ ያው ቅዝቃዜ፣ ያው ትንፋሽ መቁረጥ። ግን እጆቼ ክፍት ነበሩ። ልቀቅ የሚለኝ የለም። አለቀስኩ፣ ጨው በጨው ላይ ስለሆነ ማንም አላየም፣ የኔ ሰው ብቻ ገብቶት ከጎኔ መጥቶ ቆመ።

ከአጠገባችን የነበሩት ሁለት ጀርመን ሽማግሌዎች ስንወጣ ጠሩንና ቡና ጋበዙን። ከኮሎኝ ናቸው፣ ሁለቱም ሰባዎቹን ሊጨርሱ ነው፣ አብረው ወደ ሃምሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ከየት እንደሆንን ጠየቁን፣ ስነግራቸው አንደኛው ዝም ብለው ቆዩና «የእናንተ ቁጥር ስንት ነው?» አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም፣ ዜጎችን የሚቀጣውን የህግ ቁጥር ነው የሚጠይቁኝ። 629 አልኳቸው። በ2004 በወጣው የወንጀል ህጋችን አንቀጽ 629 ነው፣ እስር ያለበት። እሳቸውም «የኛ 175 ነበር» አሉ። ጀርመን ውስጥ አንቀጽ 175 በ1969 ላላ ተደረገ እንጂ ሙሉ በሙሉ የተሰረዘው በ1994 ነው፣ ማለትም እነዚህ ሰዎች ወጣትነታቸውን ሙሉ ያ ቁጥር አናታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነው የኖሩት። ቁጥር ለቁጥር ተነጋግረን ተግባባን።

የስፔኑን ታሪክም የነገሩኝ እነሱ ናቸው። ማዶ ያለችው ደሴት ፉዌርቴቬንቱራ ላይ ቴፊያ ሚባል የእስረኞች ካምፕ ነበር፣ በአምባገነኑ ፍራንኮ ዘመን፣ ከ1954 እስከ 1966፣ ዜጎች ስለሆኑ ብቻ ወንዶችን እዛ በረሃ ወስደው ድንጋይ ያስፈልጡ ያስርቡ ነበር። አስቡት፣ ጎረቤት ደሴት ነው። በ1979 ስፔኖች ዜጋ መሆንን ከሚያስቀጣው ህግ አወጡት፣ በ2005 የዜጎችን ጋብቻ ፈቀዱ። ሃያ ስድስት ዓመት ነው በመሃል። እኔ ሂሳብ መስራት ጀመርኩ፣ ዕድሜዬ ላይ ሃያ ስድስት ደመርኩ። እስከዛ እኖር ይሆናል። እናቴ ግን አትደርስም።

አሁን ስለ ቦታው አንድ ነገር ልናገር፣ ከሀበሻ ዜጎች ይሄን አንብቦ የሚሄድ ካለ በደንብ ያንብበው። አሸዋው ዳር፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት፣ ክብ ክብ ሆኖ የሚበቅል አረንጓዴ ቁጥቋጦ አለ፣ ባላንኮን ይባላል። ነፋሱ የሚያመጣውን አሸዋ የሚይዘው እሱ ነው፣ በሱ ዙሪያ ነው ክምሩ የሚጀምረው፣ እሱ ሲሞት አሸዋው ሳይያዝ ያልፋል፣ ያ ሁሉ ተራራ ከሥሩ ይላላል። ችግሩ ቁጥቋጦው መደበቂያም ነው። በ2021 የወጣ ጥናት እዛ አካባቢ ሰዎች ለወሲብ የሚገቡባቸውን 298 ቦታዎች ቆጥሯል፣ ተክሉ የተረገጠ፣ የተሰበረ፣ ቆሻሻ የተጣለበት። አጥኚዎቹ ዜጎች አትምጡ አላሉም፣ ቦታው እየተጎዳ እንደሆነ እወቁ ነው ያሉት፣ ደግሞ አሸዋውን ሆቴሉም ቱሪስቱም ሁሉ ነው የጎዳው። ቢሆንም እኔን አመመኝ። ለምን እንደምንደበቅ አውቃለሁ እኮ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሆነ ነገር ጀርባ ነው የኖርኩት፣ አጥር ጀርባ፣ መኪና ውስጥ፣ «የአክስቴ ልጅ» የሚለው ቃል ጀርባ። ግን እዛ ባንዲራው ስር በጠራራ ፀሐይ ተቃቅፈህ መቀመጥ ትችላለህ። ቁጥቋጦው ምን አደረገ? ምልክት የተተከለበት መንገድ አለ፣ በሱ ብቻ ሂዱ። ኮሎኞቹ ሽማግሌዎች በየማታው ፌስታል ይዘው ሰው የጣለውን እየለቀሙ ነው የሚመለሱት፣ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ እኔም አብሬያቸው ለቀምኩ፣ ጎንበስ ብዬ ስለቅም ደግሞ ምንም አልለበስኩም ነበር እና ትዝም አላለኝም። ያን ማታ ነው የገባኝ፣ ትዝ አለማለቱ።

በመጨረሻው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እቃችንን ስንሰበስብ ስልኬ ቦርሳ ውስጥ ጮኸ፣ እናቴ በኢሞ። ድምፅ ብቻ አድርጌ አነሳሁት።

«የት ነህ ልጄ፣ ምንድነው የሚጮኸው?»

«ባሕር ዳር ነኝ እማዬ፣ ነፋሱ ነው።»

«ባሕር ዳር? ሀገር ገብተሃል እንዴ ሳትነግረኝ!»

«አይ፣ ከተማውን አይደለም፣ እውነተኛው ባሕር ዳር። እረፍት ወጥቼ ነው።»

ዝም አለች። ነፋሱ ብቻ ይሰማል። የኔ ሰው ፎጣውን እያጠፈ ያየኛል።

«ብቻህን ነህ?» አለችኝ።

ሁሌ አዎ ነበር የምላት። «አይደለሁም። ከሱ ጋር ነኝ» አልኳት። ስሙን ጠራሁላት፣ የማን ልጅ እንደሆነ ምን እንደሆነ አልጨመርኩም።

ረጅም ጊዜ ምንም አላለችም፣ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። ከዛ ጉሮሮዋን ጠረገችና «በሉ» አለች፣ «ሳይመሽባችሁ ግቡ። ነፋስ እንዳይመታችሁ ደረብ አድርጉ፣ ሁለታችሁም።»